የግራፉ ፊደል ከጽሑፉ ፊደል ሲጣላ፦ በላቴክ ለምትጽፉ

የማስተርስ ቴሲሴን የመጀመሪያ ረቂቅ ለአማካሪዬ የሰጠሁበት ቀን ትዝ ይለኛል። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። አራቁት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ «ይሄ ቁጥር ለጉንዳን ነው የተጻፈው?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ጽሑፉ 12 ፖይንት ነበር። የግራፉ ቁጥሮች ግን ቢበዛ አራት ፖይንት ቢሆኑ ነው። በዚያ ላይ ጽሑፉ ጫፍና እግር ያለው የመጽሐፍ ፊደል ሆኖ ሳለ፣ ግራፉ ላይ ያለው ልሙጥ ፊደል ነው። ቀመሩ ውስጥ ዘንበል ብሎ የተጻፈው ኤክስ ዘንጉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንባቢ ሁለቱ አንድ ኤክስ መሆናቸውን በምን ይወቅ?

ከዚያ ወዲህ የብዙ ጓደኞቼን ግራፍ አስተካክያለሁ። በሽታው ሁሌም አንድ ነው ማለት ይቻላል። ሰው ግራፉን በትልቁ ይሠራና ሰነዱ ውስጥ ሲያስገባው ያሳንሰዋል። ስዕሉ ሲያንስ ፊደሉም አብሮ ያንሳል። መድኃኒቱም ያው አንድ ነው፦ ግራፉን ከመጀመሪያው በሚገባበት ልክ ሥሩት፣ ከዚያ በኋላ እጃችሁን አንሱ።

ከመጀመሬ በፊት፣ ትእዛዞቹን የምጽፈው በሚነበቡበት ድምፅ ነው። ኪቦርዱ ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፏቸው። ላቴክ ስልም የሐኪም ጓንት የሚሠራበትን ላስቲክ ማለቴ አይደለም። ዶናልድ ክኑት በሠራው ቴክ ላይ ሌስሊ ላምፖርት በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የገነባውን የሰነድ ማዘጋጃ ነው።

ደረጃ 1፦ ሰነዱን ለኩት

ግራፍ ከመሥራታችሁ በፊት ስለ ሰነዳችሁ ሦስት ነገር እወቁ። ፎንቱ ምንድን ነው? መጠኑ ስንት ነው? የጽሑፉ ወርድ ስንት ነው?

ፎንቱን ካልነካችሁት የክኑት ኮምፒውተር ሞደርን ነው። መጠኑ «አርቲክል» በሚባለው የሰነድ ዓይነት ካልቀየራችሁት 10 ፖይንት ነው፤ 11 ወይም 12 ማድረግ ይቻላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ወርዱን ነው። እሱን ራሱን ላቴክን ጠይቁት። ሰነዱ ውስጥ የትም ቦታ ባክስላሽ «ዘ» ብላችሁ ወዲያው ባክስላሽ «ተክስትዊድዝ» ጻፉና አሂዱት። ገጹ ላይ ቁጥር ያትማል። በተለመደው አርቲክል ለ10 ፖይንት 345 ፖይንት፣ ለ11 360፣ ለ12 ደግሞ 390 ነው። ኅዳጉን ከቀየራችሁ ወይም ዩኒቨርሲቲው የራሱን ቴምፕሌት ከሰጣችሁ ሌላ ቁጥር ይወጣል። ገጹ ባለ ሁለት ዓምድ ከሆነ «ተክስትዊድዝ» የሚለውን በ«ኮለምዊድዝ» ተኩት።

ያገኛችሁትን ቁጥር ለ72.27 አካፍሉ። የላቴክ አንድ ኢንች 72.27 ፖይንት ስለሆነ ነው። 345 ሲካፈል 4.77 ኢንች ይሰጣል። ይህን ቁጥር የሆነ ቦታ ጻፉት። ከእንግዲህ ሁሉም ነገር ከእሱ ነው የሚነሳው።

ደረጃ 2፦ ፊደሉ ለምን እንዳነሰ አስሉ

ይህን ደረጃ መዝለል ትችላላችሁ። ግን አንዴ ያሰላው ሰው ሁለተኛ አይሳሳትም።

በፓይተን ግራፍ የምትሠሩ ከሆነ የምትጠቀሙት ማትፕሎትሊብን ነው። ማንም ካልነካው 6.4 በ4.8 ኢንች የሆነ ስዕል ይሠራል፤ ፊደሉ 10 ፖይንት ነው። እናንተ ደግሞ ስዕሉን ስታስገቡ «ዊድዝ» የሚለውን «ተክስትዊድዝ» አድርጉት ትሉታላችሁ። 6.4 ኢንች ወደ 4.77 ኢንች ይጨመቃል። 4.77 ለ6.4 ሲካፈል 0.75 አካባቢ ነው። 10 ፖይንት የነበረው ፊደል 7.5 ሆነ ማለት ነው። ይህ እንኳ ይነበባል። ሁለት ግራፍ ጎን ለጎን ስታደርጉ ነው ጉዱ የሚፈላው። እያንዳንዱ የወርዱን 48 በመቶ ቢይዝ 2.29 ኢንች ይሆናል። ያኔ ፊደሉ 3.6 ፖይንት ላይ ይወርዳል። የአማካሪዬ ጉንዳን እንግዲህ ይሄ ነው።

ከዚህም የባሰው፣ ግራፎቹ በተለያየ መጠን ስለሚጨመቁ ፊደላቸው እርስ በርሱ እንኳ አይገጥምም። ምዕራፍ ሁለት ላይ 7.5፣ ምዕራፍ ሦስት ላይ 3.6፣ ምዕራፍ አራት ላይ 9። ቴሲሱ ከአምስት ሰው ተለምኖ የመጣ ይመስላል።

ደረጃ 3፦ መንገዳችሁን ምረጡ

ሁለት ዋና መንገድ አለ። አንደኛው ግራፉን በሌላ ፕሮግራም ሠርቶ ማስገባት ነው። ሁለተኛው ግራፉን ላቴክ ራሱ እንዲስለው ማድረግ ነው፤ ለዚህ የታወቀው ፓኬጅ (ላቴክ ላይ የሚጨመር ተቀጥላ) ፒጂኤፍፕሎትስ ይባላል።

የእኔ ምክር እንዲህ ነው። ግራፉ ቀላል መስመር፣ ነጥብ ወይም ባር ከሆነ ፒጂኤፍፕሎትስ ተጠቀሙ። ፊደሉን የሚጽፈው ላቴክ ራሱ ስለሆነ ፎንቱ አይጣላም። ስሌቱ ፓይተን ውስጥ ከሆነ፣ ወይም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነጥብ ካላችሁ ግን እዚያው ፓይተን ላይ ሁኑ። ፒጂኤፍፕሎትስ ነጥብ ሲበዛበት ይንገዳገዳል፣ አንዳንዴም ሜሞሪ አለቀብኝ ብሎ ይቆማል።

ኤክሴል ላይ ቻርት ሠርታችሁ በኮፒ ፔስት ልታስገቡ ያሰባችሁም ትኖራላችሁ። አልፈርድባችሁም፣ እኔም ከዚያ ነው የመጣሁት። ቻርቱን ተዉትና ዳታውን ብቻ በሲኤስቪ ሴቭ አድርጉት። ፒጂኤፍፕሎትስ ያንን ፋይል በቀጥታ ያነባል። «አድፕሎት ቴብል» ከሚለው ትእዛዝ ጋር ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ መሆናቸውን መንገር ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ።

ደረጃ 4፦ በማትፕሎትሊብ ለምትሠሩ

መጀመሪያ መጠኑ። «ፊግሳይዝ» የሚለውን በደረጃ 1 ባገኛችሁት ወርድ (በምሳሌያችን 4.77) ጀምሩ፤ ቁመቱን 3 አካባቢ አድርጉት። ሰነዱ ውስጥ ስታስገቡት «ዊድዝ» የሚለውን ነገር ጭራሽ አትጻፉ። ስዕሉ በልኩ ስለተሠራ በልኩ ይገባል። ጎን ለጎን ሁለት ግራፍ ከፈለጋችሁ «ሰብፕሎትስ» ተጠቅማችሁ ሁለቱንም በአንድ ስዕል ውስጥ ሥሯቸው።

እዚህ ላይ እኔን ሁለት ቀን ያንከራተተኝ ወጥመድ አለ። ብዙ ሰው ስዕሉን ሴቭ ሲያደርግ «ቢቦክስ ኢንችስ» የሚለውን «ታይት» ያደርገዋል። ይህ ትእዛዝ ዙሪያውን ያለውን ባዶ ቦታ ይቆርጣል። ሲቆርጥ የስዕሉ ወርድ ይቀየራል! 4.77 ብላችሁ የሠራችሁት 4.5 ወይም 4.9 ሆኖ ይወጣል። በእሱ ፋንታ ስዕሉን ስትፈጥሩ «ሌይአውት» የሚለውን «ኮንስትሬንድ» አድርጉት። ያ መጠኑን ሳይነካ ውስጡን ያደላድላል።

ቀጥሎ የፊደሉ መጠን። ሰነዱ 10 ፖይንት ከሆነ የዘንግ ስያሜውን 9፣ የዘንግ ቁጥሮቹንና ሌጀንዱን (የትኛው መስመር ምን እንደሆነ የሚነግረውን ሳጥን) 8 አድርጉ። ሰነዱ 12 ከሆነ 10 እና 9 ጥሩ ነው። ከ7 በታች አትውረዱ። የማትፕሎትሊብ ነባር ርዕስ ከሌላው ፊደል በ1.2 እጥፍ ይተልቃል። እኔ ግን ርዕሱን ጨርሶ አጠፋዋለሁ። ከስዕሉ ሥር ካፕሽን አለ፤ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ምን ያስጽፋል?

አሁን ወደ ፎንቱ። የማትፕሎትሊብ ነባር ፎንት ደጃቩ ሳንስ ነው። ልሙጥ፣ ሰፋ ያለ፣ ስክሪን ላይ የሚያምር ፊደል ነው። ወረቀት ላይ ከኮምፒውተር ሞደርን ጎን ሲቀመጥ ግን በሠርግ ላይ ቱታ ለብሶ እንደመጣ ሰው ነው። ይህን ለማስተካከል ሦስት ዘዴ አለ።

ቀላሉ ዘዴ ተመሳሳይ ፎንት መምረጥ ነው። ሰነዳችሁ በታይምስ ዓይነት ፊደል ከሆነ «ፎንት ፋሚሊ» የሚለውን «ስቲክስጄኔራል»፣ «ማዝተክስት ፎንትሴት» የሚለውን ደግሞ «ስቲክስ» አድርጉ። ስቲክስ ከማትፕሎትሊብ ጋር አብሮ ስለሚመጣ የምትጭኑት ነገር የለም። ሁለተኛውን መስመር አትርሱ። የመጀመሪያው ተራውን ጽሑፍ ብቻ ነው የሚቀይረው፤ በዶላር ምልክት መሃል ያለውን ሒሳብ የሚያዘው ሁለተኛው ነው። ሰነዱ በኮምፒውተር ሞደርን ከሆነ ሒሳቡን «ሲኤም» ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ዘዴ «ተክስት ዩዝቴክ» የሚለውን «ትሩ» ማድረግ ነው። ማትፕሎትሊብ እያንዳንዱን ጽሑፍ ወደ ላቴክ ልኮ ያስጽፋል። ውጤቱ ያምራል። ኮምፒውተራችሁ ላይ ላቴክ መጫን አለበት፣ ሥራውም ቀስ ይላል። ለእንግሊዝኛ ሰነድ በቂ ነው። ለአማርኛ ግን አይሆንም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው የእኔ ምርጫ ነው፤ «ፒጂኤፍ» የሚባለው መንገድ። ስዕሉን በፒዲኤፍ ፋንታ «ነጥብ ፒጂኤፍ» በሚል ቅጥያ ሴቭ ታደርጉታላችሁ። ሰነዱ መግቢያ ላይ (ጽሑፉ ከመጀመሩ በፊት ባለው የትእዛዝ ክፍል) «ፒጂኤፍ» የሚለውን ፓኬጅ ትጠራላችሁ። ከዚያ ፋይሉን እንደ ስዕል ሳይሆን «ኢንፑት» በሚለው ትእዛዝ እንደ ጽሑፍ ታስገቡታላችሁ። ፊደሎቹን የሚጽፋቸው ያው የሰነዱ ላቴክ ነው። ነገ የሰነዱን ፎንት ብትቀይሩ የግራፉም አብሮ ይቀየራል።

ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። «ፒጂኤፍ አርሲፎንትስ» የሚለውን «ፎልስ» አድርጉት፤ አለበለዚያ ማትፕሎትሊብ የራሱን ፎንት ይጭንባችኋል። «ፎንት ፋሚሊ» የሚለውን ደግሞ «ሰሪፍ» በሉት። ካላላችሁ ለላቴክ «ልሙጡን ፊደል አምጣ» የሚል ትእዛዝ ነው የሚልክለት፤ ዋናው ፎንታችሁ ይቀራል። መጠኑም ቢሆን ከሰነዱ አይወሰድም። 8 ወይም 9 ብላችሁ የሰጣችሁት ቁጥር ነው ፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው።

ይህን ሁሉ በየግራፉ ኮድ አናት ላይ አትደርድሩት። አንድ የስታይል ፋይል አዘጋጁና ሁሉም ኮድ እሱን ይጥራ። ሰላሳ ግራፍ ያለው ቴሲስ ላይ አማካሪው «ፊደሉን በአንድ ከፍ አድርገው» ሲሏችሁ ይገባችኋል።

ደረጃ 5፦ በፒጂኤፍፕሎትስ ለምትሠሩ

እዚህ ፎንቱ ከሰነዱ ስለሚመጣ ሥራው ይቀላል። ሰነዱ መግቢያ ላይ «ፒጂኤፍፕሎትስሴት» በሚለው ትእዛዝ ውስጥ አንዴ ጻፉ፦ «ሌብል ስታይል» በ«ስሞል»፣ «ቲክ ሌብል ስታይል» እና «ሌጀንድ ስታይል» በ«ፉትኖትሳይዝ»። በ10 ፖይንት ሰነድ «ስሞል» 9 ነው፣ «ፉትኖትሳይዝ» 8። ቁጥር ሳይሆን እነዚህን ስሞች መጠቀሙ ይሻላል። ሰነዱን ወደ 12 ብትቀይሩት አብረው ያድጋሉ።

ወርዱን «አክሲስ» ውስጥ «ዊድዝ» ብላችሁ ስጡ። ግራፉ አልገባ ሲል «ሪሳይዝቦክስ» ውስጥ የሚከት ሰው አለ። በጭራሽ! ያ ሳጥኑን ከነፊደሉ ነው የሚጨምቀው። ከፒጂኤፍፕሎትስ ወጥታችሁ እንደገና ጉንዳን ጋ ተመለሳችሁ ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ይታወቅ፤ ፒጂኤፍፕሎትስ ለዘንግ ስያሜዎች 45 ፖይንት ብቻ ነው የሚይዘው። ስያሜያችሁ ሰፊ ከሆነ ግራፉ ከኅዳጉ ትንሽ ይወጣል። ያኔ ወርዱን በጥቂቱ ቀንሱት።

ሌላው ሰው የሚደነግጥበት ነገር የዘንግ ቁጥሮች ነው። ፒጂኤፍፕሎትስ ቁጥሮቹን እንደ ሒሳብ ነው የሚጽፋቸው። ስለዚህ የጽሑፉን ፎንት ብቻ ከቀየራችሁ ስያሜው በአዲሱ ፎንት፣ ቁጥሮቹ በአሮጌው ይወጣሉ። ትክክለኛው መፍትሔ «ዩኒኮድ ማዝ» የሚባለውን ፓኬጅ ጠርቶ ለሒሳቡም ተዛማጅ ፎንት መስጠት ነው። ለታይምስ ዓይነት ጽሑፍ «ስቲክስ ቱ ማዝ» ይስማማል።

ደረጃ 6፦ ስያሜው በአማርኛ ከሆነ

«ጊዜ (ሰከንድ)»፣ «ፍጥነት (ሜትር በሰከንድ)» ብላችሁ ማትፕሎትሊብ ላይ ጽፋችሁ ሞክሩ። የምታዩት ሰልፍ የያዙ ባዶ ሳጥኖች ነው። ደጃቩ ሳንስ የእኛን ፊደል አልያዘም። ተርሚናሉም ላይ «ግሊፍ 4874 የለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ሊመጣ ይችላል። 4874 በዩኒኮድ የ«ጊ» ቁጥር ነው። ስድብ አይደለም፣ አትደንግጡ።

ማትፕሎትሊብ 3.6 እና ከዚያ በላይ ካላችሁ «ፎንት ፋሚሊ» ላይ ሁለት ፎንት በተራ መደርደር ይቻላል። መጀመሪያ የላቲኑን፣ ቀጥሎ የግእዙን፣ ለምሳሌ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን። ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ያጣውን ፊደል ከሁለተኛው ይወስዳል። ቶሎ ለሚፈለግ ነገር ይበቃል።

ሰነዱ ሙሉ በሙሉ አማርኛ ከሆነ ግን ዚላቴክ ወይም ሉአላቴክ የሚባሉት አዲሶቹ የላቴክ ሞተሮች ናቸው የሚያስፈልጓችሁ። የድሮው የላቴክ ሞተር ኮምፒውተራችሁ ላይ ያሉትን የዩኒኮድ ፎንቶች በቀጥታ አይጠቀምም። «ዩዝቴክ» ለአማርኛ አይሆንም ያልኩት ለዚህ ነው፤ ከጀርባው የሚያሠራው ያንን ሞተር ነው። «ፎንትስፔክ» የሚለውን ፓኬጅ ጥሩና «ሴትሜንፎንት» በሚለው ትእዛዝ አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ስጡት። ኦቨርሊፍ በሚባለው የኢንተርኔት ላቴክ መጻፊያ ላይ ከሆናችሁ ኮምፓይለሩን ወደ ዚላቴክ ቀይሩ፤ ፎንቱ ከሌለ ፋይሉን ራሱን ፕሮጀክታችሁ ላይ ጫኑት።

ፒጂኤፍፕሎትስ የምትጠቀሙ ከዚህ በኋላ ምንም አይጠበቅባችሁም። ስያሜውን በአማርኛ ጻፉ፣ በቃ። በማትፕሎትሊብ የ«ፒጂኤፍ» መንገድ የምትሄዱ ግን አንድ ሥራ ይቀራችኋል። ማትፕሎትሊብ የጽሑፉን ስፋት ለመለካት ከጀርባ ዚላቴክን ያሠራል። ስለዚህ «ፒጂኤፍ ፕሪአምብል» በሚለው ውስጥ ያንኑ የፎንት ትእዛዝ ድገሙለት። ካልደገማችሁ በሌላ ፎንት ለክቶ ቦታ ይተዋል፣ ስያሜውም ከቁጥሮቹ ጋር ይጋጫል።

የአማርኛና የላቲን ፊደል በአንድ ስያሜ ሲገናኙ በቁጥር እኩል ሆነው ለዓይን እኩል ላይመስሉ ይችላሉ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ ስለሌለው በየትኛው ይመጣጠን የሚለው በዓይን ነው የሚወሰነው። ፎንትስፔክ ላይ «ስኬል» የሚል ምርጫ አለ። 0.9 ብላችሁ ጀምሩና አትማችሁ እዩት።

በነገራችን ላይ፣ «ሙሉ አማርኛ ይሁን» ብሎ የዘንግ ቁጥሮቹን በግእዝ አኃዝ ሊጽፍ የሞከረ ጓደኛ ነበረኝ። ግራፉ የሚጀምረው ከዜሮ ነው። ግእዝ ዜሮ የለውም። እዚያው መነሻው ላይ ተሸነፈ።

ደረጃ 7፦ ምልክቱ በቀመሩ እንዳለ ይሁን

ፎንቱ ገጥሞም ምልክቱ ላይገጥም ይችላል። ሕጉ አጭር ነው። ተለዋዋጭ ምልክት ዘንበል ይላል፣ ስለዚህ በዶላር ምልክት መሃል ይግባ። የመለኪያ አሃድ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ስለዚህ ከዶላሩ ውጭ ይሁን፤ ወይም «ኤስአይዩኒትስ» የሚባለው ፓኬጅ ይጻፈው። ግርጌ ላይ የሚገባ ቃል፣ ለምሳሌ «ከፍተኛ» የሚለውን ለማለት የሚጻፈው «ማክስ»፣ ምልክት ሳይሆን ቃል ነውና ቀጥ ብሎ ይጻፍ። ለዚህ «ማዝአርኤም» አለ።

ደረጃ 8፦ ፈትሹ

የመጨረሻውን ፒዲኤፍ በአክሮባት ሪደር ክፈቱና «ፋይል»፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ፎንትስ» በሉ። ተርሚናል የምትወዱ «ፒዲኤፍፎንትስ» የሚባለውን ትንሽ መሣሪያ ተጠቀሙ። ሰነዱ ውስጥ ያሉት ፎንቶች በዝርዝር ይወጣሉ። «ደጃቩ ሳንስ» የሚል ስም ካያችሁ አንድ ግራፍ አምልጧችኋል፤ ፈልጋችሁ ያዙት። «ታይፕ 3» የሚል ካያችሁ ደግሞ ያም የማትፕሎትሊብ ነባር ልማድ ነው። አንዳንድ ጆርናሎችና ጉባኤዎች እሱን አይቀበሉም። «ፒዲኤፍ ፎንትታይፕ» የሚለውን 42 ብታደርጉት ይስተካከላል። ዝርዝሩ ላይ ምንም የግራፍ ፎንት ከሌለ ደግሞ ምናልባት ግራፉን በፒኤንጂ አስገብታችሁታል። ያኔ ፊደሉ ፊደል ሳይሆን ፎቶ ነው፤ በፒዲኤፍ እንደገና ሴቭ አድርጉት።

ከዚያ ብዙ ግራፍ ያለበትን አንድ ገጽ አትሙ። ማተሚያው «ገጹን ከወረቀቱ ጋር አመጣጥን» የሚለው ምርጫ ላይ ከሆነ ወደ 100 በመቶ መልሱት፤ አለበለዚያ ያንን ሁሉ ልፋት እሱ በራሱ ፈቃድ ያሳንሰዋል። ያተማችሁትን ደግሞ ፎቶኮፒ ቤት ወስዳችሁ አንድ ኮፒ አስነሱ። ፈታኞቹ እጅ የሚገባው ኮፒው ሊሆን ይችላል። ኮፒውን ጠረጴዛ ላይ አድርጉና ቀና ብላችሁ ቁጭ ባላችሁበት የዘንጉን ቁጥሮች አንብቡ። ጎንበስ ካላችሁ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱና አንድ ፖይንት ጨምሩ።